የቧንቧ ውሃ እየጠጣን አተት ከየት ይመጣብናል?

በገጠር ቀበሌዎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች አንድ የታወቀ ማሳያ አላቸው። ሰው በተሰበሰበበት አንድ ብርጭቆ የጠራ ውሃ ያነሣሉ። «ማን ይጠጣል?» ሁሉም እጁን ያወጣል። ከዚያ ባለሙያው አንዲት ቀጭን የሣር ሰበዝ ይመዝና ሜዳ ላይ የወደቀ ሰገራ ነካ ያደርግባታል። ሰበዟን ብርጭቆው ውስጥ ይነክራታል። የውሃው መልክ ቅንጣት አልተለወጠም። «አሁንስ ማን ይጠጣል?» ማንም የለም። ስብሰባውን ጸጥ የሚያሰኘው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ዝንብ ስንት እግር አላት?»

ስድስት። ሰበዟ አንድ ብቻ ነበረች።

ክረምት በመጣ ቁጥር «አተት ገብቷል፣ ተጠንቀቁ» የሚል ዜና ይሰማል። አብሮም ግራ መጋባት ይመጣል። የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሽንት ቤት አለን፣ ሳንታጠብም እንጀራ አንቆርስም። ታዲያ በሽታው በየት በኩል ገባ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ውሃውን፣ እጁንና ሽንት ቤቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

አተትና ኮሌራ አንድ ናቸው?

አተት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» የሚለው ሲያጥር ነው። የሕመም ምልክት ስም ነው እንጂ የጀርም ስም አይደለም። «ትኩሳት አለው» እንደማለት ያለ ነው፤ ትኩሳቱ የወባም ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ኮሌራ ግን ቪብሪዮ ኮሌሬ የምትባል አንዲት ባክቴሪያ የምታመጣው በሽታ ነው። አተት የያዘው ሁሉ ኮሌራ የለበትም። ለይቶ ለማወቅ ሰገራ መመርመር አለበት።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሣ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ስም አተት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ኮሌራ» የሚለው ስም በመግለጫም በዜናም በግልጽ ይነገራል። በግሌ ይህን እመርጣለሁ። ሰው ስሙን ያወቀውን በሽታ በቁም ነገር ይይዘዋል።

ኮሌራ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሲበረታ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዥጎደጉዳል፤ ሕክምና ካልተገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አስቸጋሪው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያዋ ከገባችባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጭራሽ አያማቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ይይዛቸዋል። እንዲያም ሆኖ ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ በሰገራቸው ያወጧታል። ጤነኛ መስሎ የሚሄድ ሰው ነው በሽታውን ከአገር አገር የሚያዞረው።

ከሰገራ ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ በየት ነው?

አዎ፣ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ነገሩ ግን ያ ነው፤ የተቅማጥ በሽታ የሚይዘን በአብዛኛው የሌላ ሰው ሰገራ በሆነ መንገድ አፋችን ውስጥ ሲገባ ነው። መንገዶቹ የሚታወቁ ናቸው፦ ውሃ፣ ጣት፣ ዝንብ፣ አፈር፣ ምግብ። አምስት በር ያለው ግቢ አስቡ። የውሃውን በር ቆልፎ አራቱን ክፍት የተወ ሰው በጎቹ ሲወጡበት ሊገርመው አይገባም።

ሁሉም ጀርም በሁሉም በር እኩል አይገባም። የጨጓራችን አሲድ እንደ ዘበኛ ነው። ኮሌራ ይህን ዘበኛ የምታልፈው ብዛት ይዛ ስትመጣ ነው፤ ጤነኛ ሰው ለመታመም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች መዋጥ አለበት። ስለዚህ ኮሌራ የሚመቻት የተበከለ ውሃና ያደረ ምግብ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የምታመጣው ሺጌላ ግን ከ10 እስከ 100 ብትሆን ይበቃታል። ይህን ያህል ደግሞ አንድ ጥፍር ሥር ይደበቃል። ውሃችሁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሺጌላ በጣት ትመጣለች።

ምግብ ስል የቤቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ወንዙ ደግሞ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። የተቀቀለ ጎመን ብዙም አያስፈራም፣ እሳት አይቶታልና። ጥሬ የሚበላው ሰላጣ ነው ጣጣው።

ታዲያ የቧንቧው ውሃ አይታከምም እንዴ?

ይታከማል። ለገዳዲ ላይ ለምሳሌ ከግድቡ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ጭቃው ተሰባስቦ እንዲዘቅጥ ኬሚካል ይጨመርበታል። ቀጥሎ በአሸዋ ይጣራል። መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባበታል። ክሎሪኑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ያኔውኑ ያገኘውን ጀርም መግደል ነው። ሁለተኛው ስንቅ መሆን ነው። ውሃው ረጅም መንገድ በቱቦ ስለሚሄድ መንገድ ላይ የሚያጋጥመውን ጀርም የሚከላከልበት ትርፍ ክሎሪን ይዞ መውጣት አለበት። ቧንቧችሁ ጋ ሲደርስ በ1 ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ቢቀረው ጥሩ ነው። «ውሃው በረኪና በረኪና ይላል» ብለን የምናማርርበት ሽታ፣ ስንቁ አለማለቁን የሚነግር ነው።

ችግሩ ፈረቃው ላይ ነው። ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሲሄድ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ ቢሆን እንኳ ውሃ ይፈስሳል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። ፈረቃ ሆኖ ውሃው ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግፊቱ ይወርድና ቱቦው እንደ ጠጪ አፍ መምጠጥ ይጀምራል። በስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለውን ይስባል። በከተማችን ደግሞ የውሃ ቱቦና የፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ሰፈር ሞልቷል። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ የገነፈለ ሽንት ቤት ሲጨመርበት ቱቦው የሚምጠው ምን እንደሆነ መገመት ነው።

ስለዚህ ከቀናት በኋላ «ውሃ መጣ!» ሲባል መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለወለልና ለሽንት ቤት ተዉት። እየጠራ ሲሄድም ለመጠጥ የሚሆነውን አክሙት። መጥራቱ ስለ ጀርም የሚነግረን ነገር የለም፤ ብርጭቆውንና ሰበዟን አስታውሱ።

ውሃው ቤት ከገባ በኋላስ?

ከሁሉ የሚያናድደው ክፍል ይህ ነው። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች አንድ ነገር ደጋግመው አሳይተዋል። ከቦኖ ወይም ከጎለበተ ምንጭ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ገብቶ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ተበክሎ ይገኛል። የተበላሸው በጀሪካኑ፣ በጣሳውና በእጅ ነው።

ለጠላ የምናደርገውን አስቡ። ጋኑ ይታጠባል፣ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ዕቃው ካልጸዳ ጠላው እንደሚበላሽ እናቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። ድሮ የዘይት የነበረው ቢጫ ጀሪካን ግን ውስጡ አረንጓዴ ነገር እስኪያበቅል ድረስ ውሃ ይመላለስበታል። እኛም ቤት እንዲህ ነበር፤ ውስጡን ባትሪ አብርቼ ያየሁት ዕለት ደነገጥኩ። እጅ ስለማይገባበት ጥቂት ጠጠር፣ ሳሙናና ውሃ ጨምሮ በኃይል መነቅነቅ ነው መላው። የጣራ ላይ ሮቶም ያው ነው፤ ከላይ ስላለ አይታይም እንጂ ሥሩ ጭቃ ይዘቅጣል።

ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ አንድ ጥቅም አለው፦ ጣሳ አይጠለቅበትም። ሰፊ በርሜል ወይም ባልዲ ከሆነ ግን ልጁ በጣሳ ሲጨልፍ ጣቶቹ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። አዘንብሎ መቅዳት ወይም ከሥር ቧንቧ ማስገጠም ይሻላል።

ዓለም አቀፍ ሪፖርቶች ላይ «ደኅንነቱ በተጠበቀ አያያዝ የሚቀርብ ውሃ» የሚል ረጅም ሐረግ ይገኛል። ትርጉሙ ሦስት ነገር ነው፦ ውሃው ግቢ ውስጥ ያለ፣ በሚፈለግበት ጊዜ የሚገኝ፣ ያልተበከለ። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በዚህ መለኪያ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ያላገኙ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች እንደነበሩ አስታውቀዋል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ቧንቧ ግቢው ውስጥ ያለው ሰውም መለኪያውን አያሟላም።

ማፍላት ይሻላል ወይስ ክሎሪን?

ሁለቱም ይሠራሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ጀርሞቹን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። እየተንፈቀፈቀ ከፈላ በኋላ ለከፍተኛ ቦታ የሚመከረውን 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። የማፍላት ድክመቱ ስንቅ የሌለው መሆኑ ነው። የቀዘቀዘውን ውሃ በቆሸሸ ጣሳ ከነኩት ተመልሶ ይበከላል። ከሰልና እንጨትም ይፈጃል።

«ውሃ አጋር» እየተባለ እንደሚሸጠው ያለ ክሎሪን ደግሞ ርካሽ ነው፣ ስንቅም ይተዋል። መጠኑ ከምርት ምርት ስለሚለያይ መመሪያውን ማንበብ ያስፈልጋል። ጨምሮ ወዲያው መጠጣት አይሆንም፤ 30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጥለል፤ አለዚያ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃል። የልብስ በረኪና በግምት አንጠባጥቦ መጠጣት ግን ይቅር፤ ኃይሉ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ሎሚና አረቄስ? ሎሚ ለሰላጣው ጣዕም ይሰጣል። አረቄ ስለጠጣ ሆዱ የጸዳለት ሰው ግን የለም።

እጃችንን እንታጠባለን እኮ!

ልክ ነው። በእኛ አገር ሳይታጠቡ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይዞራል። ግን እስቲ ልብ በሉ፦ ሳሙናው የሚመጣው መቼ ነው? ከምግብ በፊት ውሃ ብቻ ጠብ ጠብ ይደረግና ይበላል። ከበላን በኋላ የወጡ ቅባት አልለቅ ሲለን ሳሙና እናስመጣለን። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ቅባቱ የሚጎዳን ነገር የለም። ጀርሙ ግን ሳሙና ያላየው እጅ ላይ ሆኖ እንጀራውን ይቆርሳል፣ ጉርሻም ሆኖ ወደ ሌላ ሰው አፍ ይሄዳል።

ሳሙና ጀርሙን ከቅባቱና ከእድፉ ጋር አላቆ ስለሚያነሣው ነው ከውሃ ብቻ የሚበልጠው። ሳሙና በጠፋ ጊዜ አመድም ማሸት ይረዳል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት በፊት፣ ከመብላት በፊት። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ብዙ የተቅማጥ ጀርም የሚገኘው ልጆች ላይ ነው።

«ለምን አይታጠቡም?» ብሎ መፍረድ ግን ቀላል ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን አቀበት ላይ በጀርባዋ የምታመጣ ሴት ወይም ልጅ ውሃውን በማንኪያ ብትቆጥር አይፈረድባትም። ውሃ ለማምጣት ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ በላይ ሲፈጅ ቤተሰቡ የሚቀዳው መጠን ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚቀረው መጠጡ አይደለም፤ መታጠቡ ነው። በብዙ የገጠር ሽንት ቤት በር ላይ ክዳኑ በሚስማር ተበስቶ የተንጠለጠለ የሃይላንድ ጠርሙስ የምታዩት ለዚህ ነው። በጥቂት ጠብታ ሁለት እጅ ያስታጥባል።

ሽንት ቤት ከዐይን ጋር ምን አገናኘው?

ትራኮማ፣ በተለምዶ ማዝ የምንለው፣ ዐይንን ደጋግሞ የሚያቆስል ኢንፌክሽን ነው። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። መጨረሻው መታወር ነው። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ በዓለም ላይ ከፍተኛውን ጫና ከተሸከሙ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ልጆችን ስለሚንከባከቡ ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ።

በሽታውን ከልጅ ዐይን ወደ ልጅ ዐይን ከሚያመላልሱት አንዷ ዝንብ ናት። ይህች የዝንብ ዓይነት ደግሞ መራባት የምትወደው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ሰገራ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አትራባም። ስለዚህ ክዳን ያለው ተራ የጉድጓድ ሽንት ቤት የዐይን መከላከያ ነው። ፊትን መታጠብ ሁለተኛው ነው፤ ዝንቧ የምትመጣው ለዐይናር ነውና።

በዚህ በኩል የሆነውን ለውጥ ሳልጠቅስ ባልፍ ፍትሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ10 ኢትዮጵያውያን 9ኙ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2015 ወደ 3 ወርዷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በዓለም ላይ ከታዩት ቅነሳዎች ትልቁ ይህ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሠሩት ሥራ ነው። የቀረው ችግር ብዙዎቹ ጉድጓዶች ክዳን የሌላቸው፣ ክረምት ሲገባ የሚደረመሱ መሆናቸው ነው።

«ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይሉ የለ?

በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጠራቸው። ግን ዘመድ አይደሉም። ታይፎይድ ከላይ ባየነው መንገድ፣ በውሃና በምግብ ይመጣል። ወረርሽኝ የሚሆነው ታይፈስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። እሱን የሚከላከለው የመጠጥ ውሃ ማከም አይደለም፤ ልብስ ማጠቢያ የሚሆን በቂ ውሃና ሳሙና ነው።

እኔ ብጠነቀቅ አይበቃም?

አይበቃም። የላይኛው ጎረቤት ጉድጓድ ሲገነፍል የታችኛው ሰው ምንጭ ውስጥ ይገባል። የጤና ባለሙያዎች ሽንት ቤትን ከክትባት ጋር የሚያመሳስሉት ወደው አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ ሲኖረው ነው ሁሉም የሚጠበቀው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ ከዞኑ ወጥቶ በርካታ ክልሎችን አዳርሷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ደግሞ በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ጥፋቱ የጸበሉ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከየአገሩ መጥቶ በቂ ሽንት ቤትና መታጠቢያ በሌለበት ሲከርም ኮሌራ የምትፈልገውን ሁሉ ታገኛለች። ምእመኑ ወደየቤቱ ሲመለስ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። የእርሻ ቀን ሠራተኞች ሰፈርና የተፈናቃዮች መጠለያም አደጋቸው አንድ ዓይነት ነው።

ከያዘንስ?

የኮሌራ መርዝ አንጀትን አያቆስልም። የውሃና የጨው ቧንቧ ከፍቶ ይተዋል። ሰውየው የሚሞተው ከጀርሙ ሳይሆን ከድርቀት ነው። ባዶ ውሃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ እንደሚገባው አይቀበለውም። አንድ በር ግን ክፍት ይቀራል። ጨው ስኳርን አስከትሎ ሲመጣ አንጀት ሁለቱን አንድ ላይ ያስገባል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ፣ የተሠራው በዚህ ነው። ከኮሌራ ታማሚዎች እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በእርሱ ብቻ ሊድኑ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ የተሰደዱ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም ጨውና ስኳር በውሃ አስበጥብጠው ለታማሚዎቹ ዘመዶች ሰጧቸው፤ እነርሱም በኩባያ ያጠጧቸው ጀመር። 30 በመቶ ይደርስ የነበረው የሞት መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ፓኬቱ ካለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር ማወፈር ጉዳት አለው። ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። የጡት ልጅ ጡቱ አይቋረጥበትም። ጤና ጣቢያ ለልጆች የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይዋጣል።

ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ሲደረግ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ደክሞ መጠጣት ካቃተው ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም። ተቅማጡ የሩዝ ውሃ መስሎ ከወረደም እንዲሁ። ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዳችሁም መንገድ ላይ ኦ.አር.ኤሱን እያጠጣችሁት ሂዱ።